እጮኛዬ አጥንቱ ሞቷል ተባለ፤ ሰርጉ ይቅር?

የዚህን ሳምንት ደብዳቤ ስከፍተው የመሰለኝ የተለመደው የፍቅር ጉዳይ ነበር። «እጮኛዬ ተለወጠብኝ»፣ «ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም» ምናምን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ከልብ አልፎ አጥንት ድረስ የገባ ሆኖ አገኘሁት። ቀልዴን አይደለም፣ የምሬን ነው።

ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን እንዳንጠቅስ አደራ ብላለች፤ አንጠቅስም። እሷ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እጮኛዋ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ፣ ሥራውም እዚያው የሆነ የ28 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሞተር ሲሄድ ወደቀ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜዳውን ነፋስ እየገረፋችሁ ትሄዱና አንኮበር ስትቃረቡ መሬቱ ድንገት ከእግራችሁ ስር ይጠፋል። ልጁ ጥምዝዙ ላይ ተንሸራተተ። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ ከመሬት ጋር ተላተመ።

ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ አበጠ። ዘመዶቹ ወጌሻ ጠሩ። ወጌሻው «ወለምታ ነው» አለና በቅቤ አሸው፣ ጎተተው፣ አሰረው። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ መራመድ ጀመረ፤ ዶሮ ታረደ። (ዶሮዋን የጻፈችው ራሷ ናት፣ እኔ አልጨመርኩም።) ከአምስት ወር በኋላ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚያኝክ ሕመም መጣበት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ለሕመም ሁሉ አንድ ምክንያት አይጠፋም፤ «ብርድ ገብቶት ነው» ተባለ። ጋቢ ተደረበ፣ ሙቅ ውኃ ተያዘ፣ ሕመሙ ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ራጅ ተነሳ፣ አዲስ አበባ ተልኮም በኤምአርአይ ታየ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛ፣ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች የአንዱ ክፍል ሞቷል። ሁለተኛ፣ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ እዚያ ሊተከልለት ይገባል። ቀጠሮው ለኅዳር ነው።

ሰርጉ ደግሞ ለጥር ታስቧል!

እህታችን የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሞተ አጥንት በሰውነት ውስጥ ይዞ መኖር ይቻላል ወይ? እግሩ አይቆረጥም ወይ? ሦስተኛውን በትንንሽ ፊደል ነው የጻፈችው፤ አጥንቱ የሚወሰደው ከወገቡ አካባቢ ስለሆነ «ነገ ልጅ መውለድ አይከለክለውም ወይ?» ትላለች። አክስቷ ናቸው እንዲህ ያሏት።

እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪም የተለየ መድኃኒትም አላዝም። ነገር ግን ጉዳዩን አገላብጬ ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ ሞተር የሚነዳ፣ ኳስ የሚጫወት፣ ታኮ ጫማ የምታደርግ ሁሉ ያንብበው።

ለመሆኑ አጥንት ይሞታል እንዴ? አዎ፣ ይሞታል። ብዙዎቻችን አጥንትን እንደ ድንጋይ ነው የምናስበው። ሥጋው ሕያው፣ አጥንቱ ምሰሶ ይመስለናል። አጥንት ግን ደም የሚጠጣ፣ ሲሰበር ራሱን የሚጠግን፣ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ሕያው ነገር ነው። ደም ከተቋረጠበት እንደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ይሞታል። ልዩነቱ አይሸትም፣ መግል አይቋጥርም፣ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ሌላ ሰው አይጋባም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ እዚህ ላይ ግማሹን ተመለሰ፤ አጥንቱ እጮኛሽን አይመርዘውም።

ችግሩ ሌላ ነው። እስቲ በበዓል ቀን የበግ እግር ሲበለት ያየ ሰው ያስታውስ። ከቅልጥሙ በታች፣ እግሩ ወደፊት ከሚታጠፍበት ቦታ፣ አራት ጎን ያላት ለስላሳ ትንሽ አጥንት አለች። በእኛም እግር ውስጥ አቻዋ አለች፤ ሐኪሞች ታለስ ይሏታል። ከላይ ቅልጥም ይጫናታል፣ ከታች ተረከዝ ይዟታል። በአንድ እግር 26 አጥንቶች ሲኖሩ የመላ ሰውነትን ሸክም ከቅልጥም ተቀብላ ለሌሎቹ የምታካፍለው እሷ ናት። ታዲያ ይህን ያህል የምትሠራ አጥንት አንድም ጡንቻ አልተያያዘባትም። ከገጽታዋ 60 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ልም አጥንት ባለበት ደም ስር አይገባም። ስለዚህ ደሟ የሚደርሳት በቀሩት ጠባብ ቀዳዳዎች፣ በጥቂት ቀጫጭን ደም ስሮች ነው። አንገቷ ላይ ከተሰበረች ወይም ከቦታዋ ከወለቀች እነዚያ ደም ስሮች ይበጠሳሉ። የውኃ ቧንቧ እንደተቆረጠበት ቤት ማለት ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ነዋሪው ግን የለም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪዎችም በዚሁ ጉዳት ይታወቁ ነበር። አውሮፕላኑ ሲከሰከስ እግራቸው መሪውን ፔዳል እንደረገጠ ይቀራል፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ታለስም ይሰበራል። አንደርሰን የተባለ ሐኪም በ1919 እ.ኤ.አ. 18 እንዲህ ያሉ ጉዳተኞችን መዝግቦ «የአብራሪ ቁርጭምጭሚት» የሚል ስም ሰጠው። እንግዲህ አስቡት፤ ፍሬን እንደረገጠ አንኮበር መንገድ ላይ የወደቀው የእኛ ልጅ የተሰበረው ልክ እንደዚያ ዘመን አብራሪ ነው። በአገራችን አብራሪው ሞተረኛው ሆኗል።

ወደ ወጌሻው እንምጣ። ወጌሻን መሳደብ አልወድም። ሆስፒታል በሌለበት ዘመን አገሩን ያቆሙ ናቸው፤ ውልቃት በመመለስ ጥበባቸው የታወቁም አሉ። ነገር ግን ወለምታና ስብራት በዓይን አይለዩም። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ያበጠ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ውስጡን የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው። የተሰበረ ታለስን ማሸትና መጎተት የተረፈውን ደም ስር መበጠስ ሊሆን ይችላል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ በመታሰሩ ደም አጥቶ እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠ ልጅ በአገራችን ሆስፒታሎች አዲስ ታሪክ አይደለም። እንዲያው ቢያንስ «መጀመሪያ ራጅ፣ ከዚያ ወጌሻ» ብንል ምን ነበረበት?

«ብርድ ነው» የሚለውስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ እውነት ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በከንቱ አይደለችም። ግን የደጋ ብርድ የጤነኛ ሰው አጥንት አይገድልም። ሕመምን ያብስ ይሆናል እንጂ። አደጋው «ብርድ ነው» እየተባለ ወራት መንጎዱ ነው፤ እነዚያ ወራት ናቸው አጥንቱን ለማዳን የሚያስፈልጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሐውኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የታለስ አንገት ስብራትን በደረጃ ከፈለው። ስብራቱ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ አጥንቱ የመሞት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ በወለቁ ቁጥር ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ይኸው ሰው ያስተዋላት አንዲት ምልክት ደግሞ አለች። ከስብራቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በሚነሳው ራጅ ላይ ከታለስ አናት ስር ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ደም እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ደስ ይበላችሁ! መስመሩ ካልታየ መጠርጠር ይገባል። ነገሩ ያስገርማል። ሳይረገጥበት የከረመ ሕያው አጥንት ካልሲየሙን በደም አማካይነት ስለሚያጣ ራጁ ላይ ይጠቁራል። የሞተው ግን የሚወስድበት ደም ስለሌለ እንደነጣ ይቀራል። ከጎረቤቶቹ ሁሉ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው፤ በነጭነቱ አትታለሉ። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ጀሶው ቢያስጠላውም በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት መካከል ተመልሶ ራጅ ይነሳ። ከዚያም ቀድሞ መሞቱን ለማወቅ ከራጅ ይልቅ ኤምአርአይ የተሻለ ነው።

አጥንት የሚገድለው ስብራት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ይህኛው በተለይ ለከተማ ልጆች ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለቆዳ በሽታ ሐኪም ያዛቸዋል፤ ሕይወትም ያተርፋሉ። ነገር ግን ፊት እንዲሞላ፣ ሰውነት እንዲወፍር እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጡ ከሆነ የአጥንት ደም ስር ሊዘጉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የጭን አጥንት አናት ነው፣ አልፎ አልፎም ጉልበትንና ታለስን። ጉንጬ ሞላ ብላ የተደሰተች ልጅ ከዓመት በኋላ ዳሌዋን ይዛ ብታነክስ ምን ይባላል? ሁለተኛው መጠጥ ነው። ለዓመታት በብዛት የሚጠጣ ሰው አጥንቱ በዚሁ መንገድ ሊሞት ይችላል። የደብረ ብርሃን አረቄ ወዳጆች፣ ስማችሁን አልጠራሁም!

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ አጥንት ተከላው። የሞተ አጥንት ይነሳል ወይ? በራሱ ኃይል አንዳንዴ ይነሳል። ከዳር ያለው ሕያው አጥንት ደም ስሮቹን እያስረዘመ ወደ ሞተው ይዘልቃል። የሞተውን የሚበሉ ሴሎች ይቀድማሉ፣ አዲስ የሚሠሩት ይከተላሉ። የፈራረሰ ቤትን ከአንድ ጥግ ጀምሮ እንደ ማደስ ነው። ሥራው ግን ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጃል። አስጊው ጊዜም ይኸው ነው። አሮጌው ተበልቶ አዲሱ ሳይጠነክር አጥንቱ ይላሽቃል። በዚያ ላይ ሰውየው ከረገጠበት የታለስ አናት እንደ ተቀቀለ ድንች ይደረመሳል። ከተደረመሰ በኋላ ወደ ነበረበት ቅርጽ የሚመልሰው የለም።

የቀዶ ጥገናው ሐሳብ ከመደርመሱ በፊት መድረስ ነው። ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቱን ከፍቶ ወደ ታለስ ውስጥ ትንሽ መስኮት ያበጃል። የሞተውን ክፍል ደም እስኪያይ ድረስ ይፍቃል። በሌላ በኩል ከበሽተኛው ዳሌ፣ ቀበቶ ከሚያርፍበት የአጥንት ጠርዝ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን መቅኔያም አጥንት ይወስድና ጉድጓዱን ጠቅጥቆ ይሞላዋል። ለምን ዳሌ? ብዙ አጥንት የሚገኝበት፣ ሕያው ሴል የሞላበት፣ ቢቀነስለትም ቆሞ ለመሄድ የማያስቸግር ቦታ ስለሆነ ነው። የራሱ የሰውየው ስለሆነም ሰውነቱ «ባዕድ ነው» ብሎ አይገፋውም። የተተከለው አጥንት ዘርም ነው፣ መወጣጫም ነው፤ አዲሱ ደም ስር እሱን ይዞ ይገባል። ረቀቅ ያለ ዓይነትም አለ። አጥንቱ ከነደም ስሩ፣ ከዚያው ከእግር ወይም ከጉልበት አጠገብ ተቆርጦ ይወሰድና በማይክሮስኮፕ እየታየ ደም ስር ከደም ስር ጋር ይሰፋል። ይህኛው ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ ይጠይቃል፤ ለሁሉም በሽተኛም አያስፈልግም።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1668 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የሆላንድ ሐኪም መዝገብ የአንድ ሩሲያዊ የራስ ቅል ቀዳዳ በውሻ አጥንት ተደፍኖ እንደዳነ ያወራል። ቤተ ክርስቲያን «የውሻ አጥንት የተሸከመ ሰው» ብላ አወገዘችው ይባላል። ሰውየው አውጡልኝ ቢል አጥንቱ ተዋህዶ አልወጣ አለ! ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1880 እ.ኤ.አ. ማኪዊን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም የክንዱ አጥንት በበሽታ ለጠፋበት ሕፃን፣ እግራቸው ጠሞ ከሚቃናላቸው ሌሎች ልጆች የተቆረጠ አጥንት ተከለለትና ክንዱ ዳነ። ዛሬ ውሻ አያስፈልግም፣ የእጮኛሽ ዳሌ ይበቃል።

እግሩ ይቆረጣል ወይ ላልሽው፤ ደም በማጣት ብቻ የሞተ ታለስ እግር አያስቆርጥም። እዚያ የሚያደርሰው ከባድ ኢንፌክሽን ወይም ጋንግሪን ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እጮኛሽን የሚያሰጋው መደርመሱና ልም አጥንቱ ተበልቶ መገጣጠሚያው መበላሸቱ ነው። ያ ቢሆንም መንገድ አለ። ሐኪሞቹ መገጣጠሚያውን በአጥንት ተከላና በብሎን አያይዘው አንድ ያደርጉታል። ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፣ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። በዚህ ዓይነት እግር ሜዳ ላይ ደህና ይኬዳል። የአንኮበርን ቁልቁለት መውረድ ግን አይቀልም፣ ላታልልሽ አልፈልግም። ጃፓኖች ከሴራሚክ የተሠራ ሙሉ ታለስ ሲያስገቡ ቆይተዋል። በአሜሪካም በ2021 እ.ኤ.አ. ለበሽተኛው ልክ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚሠራ የብረት ታለስ ተፈቅዷል። ለእኛ ልጅ ይህ ሁሉ ገና ሩቅ ነው፤ የእሱ ገና አልተደረመሰም፣ ዕድለኛ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ ታናሽ ወንድሙ «አትሌት እሆናለሁ» እያለ እንደሚሮጥና በወንድሙ ነገር እንደፈራ ተጽፏል። የአበበ ቢቂላን ነገር ይስማ። የሸዋው ልጅ በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ወርቅ አመጣ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ ግን የግራ እግሩ ቀጭኗ አጥንት ተሰንጥቃ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት መጋቢት አበበ በመኪና አደጋ ጀርባው ተጎድቶ ከዚያ በኋላ ቆሞ አልሄደም። እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ ታክሟል። የተሰነጠቀች አጥንት አርፋ ትገጥማለች፤ የተቆረጠ የጀርባ ነርቭ ግን አይበቅልም። አጥንት ከሰውነታችን ውስጥ ጠባሳ ሳይተው እንደገና ራሱን ከሚሠሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ወንድምየው ይሩጥ፤ እግሩን ሲያመው ግን ለአሰልጣኙ ይንገር፣ አይደብቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀረን፤ የአክስትሽ። ከዳሌ ጠርዝ የሚወሰደው አጥንት ከዘር ፍሬ፣ ከኩላሊት፣ ከወንድነት ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም። ቀበቶው የሚያርፍበትን የአጥንት ጠርዝ በእጅሽ ዳስሺው፤ ያ ነው፣ ሌላ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን ያማል። ለብዙ በሽተኞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ የሚያማርሩት ዳሌያቸው ነው። አንዳንዱም በጭኑ ውጭ በኩል መደንዘዝ ይቀርበታል። ልጅ መውለድ ግን ይወልዳል፤ አክስትሽን ሰላም በያቸው።

ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል እንውሰደው የሚሉ ዘመዶች እንዳሉም ጽፈሻል። ጸበሉን የምከለክል እኔ ማን ነኝ? የምለው አንድ ነው፤ በዚያ እግር ተራምዶ አይሂድ፣ መኪና ያዙለት። ጸበሉ ቦታም ቆሞ አይዋል፣ ወንበር ይሰጠው።

ሐኪሙ ዘንድ አብረሽው ግቢ። አጥንቱ ተደርምሷል ወይስ አልተደረመሰም? አጥንቱ ከየት ነው የሚወሰደው? ስንት ሳምንት አይረግጥም? ካልያዘ ቀጣዩ ምንድን ነው? ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ጻፊው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ይተው፤ ሲጋራ ደም ስርን ስለሚያጠብ የተተከለ አጥንት እንዳይዝ ከሚያደርጉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ለቤቱም አስቡበት። በሁለት ክራንች የሚሄድ ሰው መቀመጫ በሌለው ሽንት ቤት እንዴት እንደሚጠቀም የሚያስብለት የለም፤ መሐሉ የተበሳ ወንበር አናጺ ጋ አሠሩለት።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ይቅር አልልሽም። ቀኑን ግን ቁጠሪው። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት እግሩ መሬት አይነካም። ኅዳር ላይ ከተሠራ ጥር በክራንች ነው፤ ሙሽራው «ሙሽራዬ» እየተዘፈነለት በአንድ እግሩ ሊዘል ነው ማለት ነው። ሚዜዎቹ ይዘውት ይጨፍራሉ፣ ሞቅ ሲለው ይረግጣል፣ የተተከለው ሁሉ ይበላሻል። ከጥር ቀጥሎ ጾሙ ይገባል፤ ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ አድርጉት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ባለው እሑድ። ለአዳራሹ የከፈላችሁትን ቀብድ ቀን እንዲያዛውሩላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ኅዳር ከገባ እሺ የሚል አታገኙም። የሙሽራውን ጫማ ደግሞ አንቺ እንዳትገዢ፣ ሐኪሙ ካየው በኋላ ይገዛ።